‹ቤቶች!› የማይል መድኃኒት

አባቴ መርፌ እንጂ ኪኒን አያምንም ነበር። ሐኪም ማለት ለእሱ የሚወጋ ሰው ነው። ወረቀት ጽፎ፣ ፍሬ ቆጥሮ፣ በብልቃጥ የሚሰጠውን «ይኼማ ባለሱቅ ነው፤ ባለሱቅስ እኔም አለሁ» ይለዋል።

ከነገሥታቱ ግንብ አጠገብ ባለው አራዳ ገበያ ውስጥ ክር ይሸጣል። ለሸማኔ ድርና ማግ፣ ለልብስ ሰፊ የመኪና ክር፣ አልፎ አልፎ ቁልፍና ዚፕ። ቤታችን ከሱቁ ጀርባ ነበር፤ አያቴም የአያቴም አባት በዚያው መንገድ ላይ ክር ሲሸጡ ኖረዋል። ጠዋት ፀሐይ በበሩ ስትገባ የጥጡ ብናኝ አየሩ ላይ ቆሞ ይታያል። እኔ ሳየው ደስ ይለኝ ነበር። አባቴ ዕድሜውን ሙሉ ሲተነፍሰው የኖረው ግን እሱን ነው።

አስሙ ሲነሣበት ትከሻው ወደ ጆሮው ይወጣል። ሁለት እጁን ባንኮኒው ላይ ተክሎ፣ አንገቱን አስግጎ፣ በመርፌ ቀዳዳ አየር እንደሚጎትት ሰው ይሆናል። ደረቱ ያፏጫል። ያኔ እናቴ የያዘችውን ሁሉ ትታ ሰፈራችን ወዳለው ድሬሰር ትሮጣለች። ድሬሰሩ መጥቶ ክንዱ ላይ አድሬናሊን ይወጋዋል። የቀረበለት ሻይ ሳይቀዘቅዝ ትከሻው ይወርዳል፣ ፉጨቱ ይጠፋል።

«አልሐምዱሊላህ!» ይላል አባቴ እጅጌውን እያወረደ። «መድኃኒት ይኼ ነው። መጣ፣ ተጣራ፣ ተሰማ።»

እኔ ያኔ ዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ፣ የማትሪክ ውጤቴ ኮሌጅ ስላላስገባኝ ቤት የተቀመጥኩ ልጅ ነበርኩ። ተቀመጥኩ ስል ቃሉ ነው እንጂ መቀመጥ አልችልም ነበር። ጠዋት ሱቅ እቆማለሁ፤ ከሰዓት በኋላ በቀበሌው መሠረተ ትምህርት ጣቢያ ለእናቶች ፊደል አስቆጥራለሁ፤ በመካከሉ በክር መጠቅለያ ወረቀት ላይ ግጥም እጽፋለሁ። ያስተማረኝ ሰው የለም። የቀበሌው የኪነት ቡድን ይህን ሰምቶ ግጥም ያዝዘኝ ነበር፤ ሲያዙኝም ቃሎቹን ራሳቸው ይሰጡኛል። «ቀልባሽ» ይኑርበት፣ «አድኃሪ» ይኑርበት፣ «ሰርጎ ገብ» ይኑርበት። የመጨረሻዋን ቃል ሳላስገባ ለማለፍ ሁልጊዜ ሰበብ እፈልግ ነበር። ከሱቃችን ፊት ለፊት በረንዳ ላይ የሚሰፋ አንድ ልብስ ሰፊ፣ የአባቴ የልብ ወዳጅ፣ ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ጠዋት በዚያች ቃል ተጠርቶ ሄዶ አልተመለሰም። ሚስቱ የስፌት መኪናውን በጨርቅ ሸፍና እስካሁን አልሸጠችውም።

ግቢያችን ውስጥ አንዷን ክፍል የተከራየ ወጣት መምህር ነበር። የሕክምና ተማሪዎችን ፊዚዮሎጂ ያስተምራል፤ የሰው አካል እንዴት እንደሚሠራ ማለት ነው። ትምህርቱን ውጭ አገር ጨርሶ የመጣ፣ ቀጭን፣ ሰላምታ ሲሰጥ መሬት የሚያይ ሰው ነው። አንድ ቀን ሱቃችን መጣ።

«አባባ፣ ቀጭን ሆኖ የማይበጠስ ክር እፈልጋለሁ።»

«ምን ልትሰፋበት?»

«ጡንቻ ላስርበት ነው።»

«የማንን?»

«የበግ። ከቄራ የመጣ የአየር ቧንቧ።»

«በጉ ታሞ ነው?»

«የለም፣ ታርዷል።»

«ታዲያ ምን ያሳስረዋል? ከታረደ ወዲያ የት እንዳይሄድብህ?»

መምህሩ ሳቀ፤ ሲስቅ ያየሁት የመጀመሪያ ጊዜ ነው። «የታረደው በጉ ነው እንጂ ጡንቻው ለጊዜው አልሞተም። ልጅዎ ትምጣና ትይልዎት።»

እናቴ ከጓዳ ሆና፣ «ተማሪዎቹ ባሉበት ከሆነ ትሂድ» አለች። ሄድኩ።

የሚያስተምርበት የቤተ ሙከራ ክፍል የጋዝና የጨው ውኃ ይሸታል። አንድ ጠባብ የመስታወት ዕቃ ውስጥ ሞቅ ያለ ጨዋማ ውኃ ተሞልቶ ከታች አየር አረፋ ይደፍቃል። በውኃው መካከል ነጭ የሥጋ ቅዳጅ በአባቴ ክር ታስሮ ተንጠልጥሏል። የክሩ ሌላ ጫፍ ቀጭን ዘንግ ይዟል፤ የዘንጉ ጫፍ ደግሞ ጥላሸት የተቀባ ወረቀት ይነካል። ወረቀቱ የተጠቀለለበት በርሜል ቀስ ብሎ ይዞራል። ጡንቻው ሲኮማተር ዘንጉ ይነሣና ጥላሸቱን እየፋቀ ነጭ መስመር ይተዋል።

አፌን ይዤ ቀረሁ። የታረደ በግ ጉሮሮ ይጽፋል።

«ይኼ እንደ ክንድሽ ጡንቻ አይደለም» አለኝ መምህሩ። «ልሙጥ ጡንቻ ነው። አንጀትሽ ላይ፣ የደም ሥርሽ ላይ፣ የአየር ቧንቧሽ ዙሪያ አለ። አታዢውም። ሳትጠይቂው ይሠራል፤ ብትለምኚውም አይሰማሽም።»

አንድ ጠብታ ነገር ጨመረበት፤ መስመሩ እንደ ተራራ ወጣ። «የአባትሽ ደረት ሲነሣበት እንዲህ ነው።» አድሬናሊን ጨመረ፤ መስመሩ ወረደ። ያ የማውቀው ነገር ነበር፤ በትከሻ አይቼዋለሁ። ቀጥሎ ውኃውን በሌላ ውኃ ለወጠውና የፊተኛውን ጠብታ ደገመ። መስመሩ ጥቂት ተንፈራገጠ። ሲሠልስበት ጭራሽ ዝም አለ።

«ምን ጎደለው?» አለ ለተማሪዎቹ። ማንም ሳይመልስ ከሰሌዳው ሥር ጠመኔ አነሣ። «ካልሲየም። እዚህ ጠመኔ ውስጥ አለ። የግንቡን ድንጋይ ያያያዘው ኖራ ውስጥ አለ። አጥንታችን ውስጥ አለ። ጡንቻ ውስጥ ግን ቁስ ብቻ አይደለም፣ ምልክት ነው። ሕዋሱ ውስጥ ሲፈስ ጡንቻው ይኮማተራል፤ ሲሰበሰብ ይላላል። ከውጭ ይገባል፤ ከውስጥም ከተከማቸበት ጎተራ ይለቀቃል። መጀመሪያ ጥቂት የተንፈራገጠው ከጎተራው ነው። ጎተራው ሲያልቅ ዝም አለ።»

ጠመኔ ስይዝ የምውል እኔ፣ ጣቶቼን አየሁ። በአንድ ነገር ግንብም ይቆማል፣ ትንፋሽም ይቆማል።

ከዚያ ካልሲየሙን መለሰና ሌላ ሆርሞን ጨመረ፤ ከኩላሊት በላይ ካለች ዕጢ የሚመነጭ ዓይነት ነው አለ። ጠበቅን። መስመሩ ቀጥ ብሎ ሄደ። በርሜሉ ዞረ፣ መስመሩ ያው ነው።

«ምንም አላደረገም» አልኩ።

«ሲሠራ እንዲህ ነው የሚመስለው። አድሬናሊን የሕዋሱን ቆዳ ነው የሚነካው፤ ወደ ውስጥ አይዘልቅም። ይኼኛው ግን ቆዳውን አልፎ እስከ አስኳሉ ድረስ ይሄዳል። እዚያ አዲስ ነገር እንዲሠራ ያዛል። ሰዓታት ይፈጃል።»

«ምን እንዲሠራ?»

«ብዙው ገና አልታወቀም» አለ፤ ይህን ሲናገር አላፈረም። እኔ ግን ቀጥ ያለ መስመር ማየት ሰለቸኝና ወደ ፊደሌ ሄድኩ።

በዚያ ክረምት ማብቂያ የመርፌው ጉልበት እየቀነሰ መጣ። ድሬሰሩ ወግቶት ከደጃችን ሳይርቅ ተመልሶ የሚጠራበት ቀን በዛ። መምህሩ ከወዳጁ ሐኪም ዘንድ ወሰደው፤ ሐኪሙም ያንኑ የሆርሞን ዓይነት በኪኒን አዘዘለት። ማታ ራት ላይ ብልቃጡ ጠረጴዛው መካከል ቆሞ ሁላችንም እናየዋለን።

«ምን ያህል ጊዜ ውስጥ ይሠራል?» አለ አባቴ።

«ቀናት ሊወስድ ይችላል፣ አባባ።»

«ቀናት! እኔ የምታፈነው አሁን፣ እሱ የሚደርሰው ለሰልስቴ!»

መምህሩ ሊያስረዳ ተቀመጠ። «አድሬናሊኑ ከበር ውጭ ነው የሚሠራው። ይኼኛው ግን…» ቃል አጣ። ሙያውን በሰው አገር ቋንቋ ነው የተማረው፤ ከተመለሰ ወዲህ ረዘም ያለ አማርኛ የሚሰማው ስብሰባ ላይ ነው። «…ይኼኛው ሰርጎ ገብ ነው» አለ።

እናቴ ማንኪያዋን ጣለች። «ዝም በል የኔ ልጅ! ግድግዳ ጆሮ አለው!»

«መድኃኒቱን ነው እኮ ያልኩት።»

«መድኃኒቱም ቢሆን!»

አባቴ ብልቃጡን በጣቱ ጫፍ ወደ መምህሩ ገፋ አደረገው። «ይኼን ስም የተሸከመ ነገር በጉሮሮዬ አይወርድም።»

«ስም ብቻ እኮ ነው፣ አባባ።»

«የወዳጄም ስም ብቻ ነበር።»

መጀመሪያም ኪኒን የማያምን ሰው ነው፤ አሁን ሰበብ አገኘ ብዬ ተናድጄ ነበር። ግን ሰበብ ብቻ አልነበረም። ብልቃጡ በተነሣ ቁጥር ዓይኑ የሚሄደው ወደ ደጅ፣ ጨርቅ ወደለበሰው የስፌት መኪና አቅጣጫ ነበር። እኔም በሆዴ ሌላ ቃል ፈለግኩ። «ዘልቆ ገብ» አልኩ፤ ዜና መሰለ። «ሠራፂ» አልኩ፤ ማን ይሰማዋል? ቃል የሚያገጣጥም ሰው ነኝ እያልኩ አባቴን የሚያስውጥ አንድ ቃል አጣሁ። ብልቃጡ መደርደሪያ ላይ ወጣ።

ብርዱ ሲብስ ኮሶዬ አካባቢ የሚኖር የአባቴ የድሮ ደንበኛ የሆነ ሸማኔ ሞተና ለቅሶ መድረስ አለብኝ አለ። እናቴ ብትለምነው አልሰማም። አብሬው ሄድኩ። ከከተማው ወጥተን ሽቅብ ስንወጣ ጉሙ መንገዱን ሸፍኖት ነበር። እዚያ ስንደርስ ከሰዎቹ ጋር ቆሞ ፋቲሓውን ቀራ፤ እጁን ከፊቱ ላይ ሳያወርድ ትከሻው መውጣት ጀመረ።

«አያ፣ ምነው?» አለው አንድ ጎልማሳ ክንዱን ይዞ። «ብርዱ ነው?»

አባቴ ራሱን ነቀነቀ። መናገር አልቻለም።

«በሉ ቦታ ልቀቁላቸው! ምነው ትከቧቸዋላችሁ፣ አየሩን ሁሉ እናንተ ጨረሳችሁት!»

ደግፈው ጤና ጣቢያ አደረሱን። ጤና ረዳቱ አድሬናሊን ወጋው። ትከሻውን እያየሁ ጠበቅሁ። አልወረደም። ደገመው። የአባቴ የአንገት ሥር ዘለለ፤ ትከሻው ግን ጆሮው ሥር እንዳለ ቀረ። አባቴ መርፌውን፣ ከዚያ እኔን አየ። ፊቱ ላይ ሕመም ሳይሆን ግራ መጋባት ነበር፤ ዕድሜ ልኩን ሲጠራው የመጣለት ሰው የቀረበት ይመስል።

ከደባርቅ የሚመጣ የጭነት መኪና ጋቢናውን ለቀቀልን። እኔ ግጥም ስለምጽፍ ይሁን ስለፈራሁ አላውቅም፣ አባቴ በአንድ ትንፋሽ የሚላቸውን ቃሎች እቆጥር ነበር። ጠዋት ሲወጣ ከእናቴ ጋር በአንድ ትንፋሽ ሲከራከር ነበር። አሁን አንድ ቃል በአንድ ትንፋሽ ነው።

«ሱቁን» አለኝ። ቁልቁለቱን ግማሽ ወረድን። «ዘጋሽው?»

«ዘግቼዋለሁ፣ አባ። አትናገር።»

ሆስፒታል ስንደርስ ቀኑ ገና አልመሸም። ኦክስጅን ሰጡት፤ በደም ሥሩም መድኃኒት ለቀቁለት። እናቴ ደረሰች። መምህሩም ነጭ ካፖርቱን እንደለበሰ ከክፍል ሮጦ መጣ። ከሐኪሙ ጋር ተነጋግሮ ኮሪደሩ ላይ አገኘኝ።

«ያ ሆርሞን ተሰጥቷቸዋል፤ በደም ሥር ነው።»

«ታዲያ ለምን አልተሻለውም?»

«ሰዓት ይፈልጋል።»

«ሰዓት የለውማ!» ብዬ ጮህኩ። ሰው ሁሉ ዞረ።

መምህሩ ግድግዳውን ተደግፎ መሬት መሬት እያየ ተናገረ። «ሕዋሶቹ አድሬናሊንን መስማት ትተዋል፤ ደጋግሞ ስለመታቸው ደንዝዘዋል። ውስጥ ደግሞ ካልሲየሙ በትንሽ በትልቁ እየፈሰሰ ጡንቻውን አጥብቆታል። ሆርሞኑ አሁን ገብቷል። የሚሰሙ አዳዲስ ጆሮዎች እንዲሠሩ፣ ካልሲየሙም በረባ ባልረባው እንዳይለቀቅ እያዘዘ ነው። እኔ ከዚህ ሆኜ ላሳየሽ አልችልም።»

ያ ቀጥ ያለ መስመር ትዝ አለኝ። ሰልችቶኝ ጥዬው የሄድኩት መስመር ውስጥ አሁን አባቴ አለ።

ስንጠብቅ የልብስ ሰፊው ሚስት መጣች። ዘበኛውን እንዴት እንዳለፈች አልጠየቅኳትም፤ እሷን ማንም አስቁሟት አያውቅም። ሰላምታ የለ፣ «እንዴት ሆነ» የለ። ቀጥ ብላ አልጋው ጋ ሄዳ ትራሱን አነሣችና አጥፋ ጭኑ ላይ አደረገችለት፤ እንዲደገፍበት። ነፋስ የሚያስገባውን መስኮት ዘጋች። የእናቴን እጅ ይዛ ወንበር ላይ አስቀመጠቻት። ቤታችንም እንዲሁ ናት። ሌላው ሰው ደጅ ቆሞ «ቤቶች!» ሲል እሷ ጓዳ ገብታ ድስት ከድናለች። መግባቷን የምናውቀው የጎደለው ነገር ሞልቶ ስናገኘው ነው።

ቆሜ አየኋት፤ ቃሉም መጣልኝ። ዕድሜዬን ሙሉ የማውቀው ቃል ነው።

ፀሐይ ወደ መጥለቂያዋ ስታዘነብል አባቴ «ውኃ» አለ። ቆይቶ «ውኃ ስጪኝ» አለ። እናቴ አላስተዋለችም፤ እኔ ግን ሁለት ቃል በአንድ ትንፋሽ መሆኑን ሰማሁ። ለመግሪብ አዛን ሲሰማ «ምነው ይኼን ያህል ሰው ሰበሰባችሁ?» አለ። ሙሉ ስንኝ ነው። ወደ ግድግዳው ዞሬ አለቀስኩ።

መምህሩ አይቶኝ፣ «ሌላም መድኃኒት ተሰጥቷቸዋል» አለ ቀስ ብሎ። «የሆርሞኑ ብቻ ነው ብለሽ አትጻፊ።» እሺ አልኩት፤ ይኸው ጻፍኩት።

በማግሥቱ ሐኪሙ ኪኒኑን ይዞ መጣ። ሳይወስድ ቢቀር ይኸው እንደሚመለስበት፣ በሚቀጥለው ጊዜ ደግሞ እንደ ትናንቱ በጊዜ ሆስፒታል ላይደርስ እንደሚችል፣ ከጀመረም በራሱ ጊዜ እንዳያቋርጥ ነግሮን ሄደ። አባቴ ፍሬውን መዳፉ ላይ አድርጎ አገላበጠው። ስሙ ገና አብሮት አለ።

«አባ፣ ይኼ ያ የተባለው አይደለም» አልኩት። «መምህሩ ቃል ጠፍቶት ነው።»

«እና ምንድን ነው?»

«መርፌው እንግዳ ነው። ደጅ ቆሞ ‹ቤቶች!› ይላል፤ ቤት ያለው ሁሉ ይሯሯጣል። ሲደጋግመው ግን ይሰለቻል፤ ቤቶቹ እየሰሙ እንዳልሰሙ ይሆናሉ። ይኼኛው ቤተኛ ነው። አይጣራም። ቀጥ ብሎ ጓዳ ይገባል። መጀመሪያ መግባቱን የሚያውቅ የለም፤ ቆየት ብለህ ስታይ ግን የሚፈሰው ተከድኗል፣ የጎደለው ሞልቷል።»

የአባቴ ዓይን ወደ ልብስ ሰፊው ሚስት ሄደ። ብርጭቆ እያጠበች ነበር።

«እንደ እሷ?»

«እንደ እሷ።»

«ምን አድርጌ ነው የምታሙኝ?» አለች ሳትዞር።

«መድኃኒት ነሽ እያሉሽ ነው» አለች እናቴ።

«እንግዲያ መራራ ነኝ፤ ሳትቀምሱ በውኃ ዋጡኝ!»

እናቴ ከትናንት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች። አባቴ አልሳቀም፤ ገና እያሰበ ነው። «ሐኪሙ በራስህ ጊዜ አታቋርጥ፣ ሲበቃ እኔ እየቀነስኩ አስተውሃለሁ ያለው ለዚህ ነዋ» አለ። «ቤተኛ በአንድ ቀን ‹ውጣ› አይባልም። ቤቱ በእሱ ለምዶ የለ? ይፈርሳል።»

እግርጌው ቆሞ የነበረው መምህር ወደ እኔ ዞረ። «ይኼን አንቺ ነገርሻቸው?»

«አልነገርኩትም።»

አባቴ «ቢስሚላህ» ብሎ ዋጠ።

ቤት በገባን ማግሥት ጠዋት በራሱ እጅ መደርደሪያው ላይ የቆየውን ብልቃጥ አውርዶ ከፈተ። ዋጠና ወንበሩ ላይ ቀጥ ብሎ ተቀመጠ። እኔም ፊቱ ተቀመጥኩ። ትከሻውን አያለሁ፤ እሱ ደረቱን ያዳምጣል። ደጅ ጋሪ አለፈ።

«ምንም የለም» አለ።

«አይጣራም አልኩህ እኮ፣ አባ።»

ከዚያ እንደ መናደድ ብሎ ተነሣ።

«እና ቁጭ ብለን ልንጠብቀው ነው? ቤተኛን ማን ደጅ ወጥቶ ይጠብቃል! ሱቁን ክፈቺ፣ ማጉን ወደ ውስጥ መልሽው፣ ብናኙ እንዳይነሣ ወለሉን ውኃ እርጭበት፣ ያን የሸማኔውን ልጅ ካየሽም አባቱ ያዘዘው ክር እዚህ አለ በይው።»

ቁልፉን ይዤ ወጣሁ። ያን ሁሉ ሲናገር መሀል ላይ አልተነፈሰም።